ኮሶ፣ ጌሾ፣ አፕል፦ የአንድ ክፍለ መደብ ዘመዳሞች (ጥያቄና መልስ)

ጽጌረዳ የምትመደብበት የአበባ ተክሎች ክፍለ መደብ 9 አስተኔዎች (የዕፅዋት ቤተሰቦች) አሉት። ከሰሜን ሸዋ የቀረቡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ደብረ ብርሃን፦ አፕልና ኮሶ ዘመድ ከሆኑ፣ አፕልን በኮሶ ጉቶ ላይ ግራፍት ባደርገው (ቅርንጫፉን ቆርጬ ባጣብቀው) ይይዛል?

አይይዝም። ሁለቱም የጽጌረዳ አስተኔ ቢሆኑም ዝምድናቸው ሩቅ ነው። አፕል በአፕል ጉቶ፣ ኮክም በኮክ ጉቶ ያድርጉ። ሲተክሉ መጋጠሚያው ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ያህል ይቅር፤ ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና የጉቶው ጥቅም ይጠፋል።

አንጎለላ፦ አፕሌ በደንብ ያብባል፤ ፍሬው ግን ባቄላ ሲያህል ይረግፋል። ምን ላድርግ?

ከረገፈው አንዱን አግድም ይቁረጡት። እንደ ኮከብ የተከፈሉ 5 ጓዳዎች ያያሉ። በደንብ የተዳቀለ ፍሬ በየጓዳው እስከ 2 ዘር ይይዛል። ጓዳዎቹ ባዶ ከሆኑ ወይም ዘሩ ከተጨማደደ የሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት አላገኘም ማለት ነው፤ አፕል ለብቻው ሲሆን በአብዛኛው በቂ ፍሬ አይዝም። ያለዎት «አና» የተባለው ዝርያ ከሆነ «ዶርሴት ጎልደን» የተባለውን አጠገቡ ይትከሉ፤ ሁለቱም ብዙ ብርድ አይፈልጉም፣ የሚያብቡትም በአንድ ሰሞን ነው። አዲሱ እስኪያድግ ያበበ ቅርንጫፍ ከጎረቤት ለምነው በውሃ ባልዲ ውስጥ ከዛፉ ሥር ያቁሙት፤ ንቦቹ ሥራውን ይጨርሱታል። በአበባ ወቅት የተባይ መድኃኒት መርጨት ግን ንቡን መግደል ነው።

አበባውንም ይመርምሩ። ቅጠሎቹ ነጭ እንደሆኑ መሃሉ ከጠቆረ ውርጭ መትቶታል። ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ የፈካ አበባ መቃጠል ይጀምራል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ስለሚወርድ፣ ወደፊት የሚተክሉትን ተዳፋት ላይ ያድርጉት።

መንዝ፦ ኮሶዬ በየዓመቱ ያብባል፣ ዘር ግን አይሰጥም።

ወንድ ሳይሆን አይቀርም። ኮሶ ወንዱና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ የሴቴው ዘለላ ቀላ ያለና ወፍራም ነው። ዘር ከፈለጉ ከሴቴው፣ ዘለላው ሲደርቅ ይልቀሙ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አፈር አያብዙበት፤ ከተቀበረ አይወጣም።

ሸዋ ሮቢት፦ ቁርቁራና ጌሾ አንድ አስተኔ ናቸው መባሉ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ቅጠሉ ግን ይለያቸዋል። በቁርቁራ ቅጠል ላይ 3 ጅማቶች ከግርጌው አብረው ይነሳሉ፤ የጌሾ ከመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ ይወጣል። የቢራው ሆፕስም ከዚሁ ክፍለ መደብ፣ ከሌላ አስተኔ ነው። የጠላውም የቢራውም መራራ ከዘመዳሞች መገኘቱ ደስ የሚል ነገር ነው።

አንኮበር፦ ሳማስ?

አዎ፣ የዚሁ ክፍለ መደብ ነው። የኛ የደጋ ሳማ ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም። በጨርቅ ይዘው ለጋውን ይቁረጡ፤ ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋል።

ሾላ ለምን አያብብም?

ያብባል፤ አበባው ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ነው። ጫፉ ላይ ባለችው ቀዳዳ ከጤፍ ቅንጣት ጥቂት የምትበልጥ ተርብ ገብታ ታዳቅለዋለች።