ከሐይቅ ተነስቶ ጥቁር ጉድጓድን ማጥናት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ብርሃን እንኳ ስለማያመልጣቸው ጥቁር ጉድጓዶች ግጭትና ስለ ስበት ሞገድ ካነበብኩ ወዲህ ልቤ ፊዚክስ ላይ አርፏል። አባቴ ግን «ልጄ፣ እሱ ደግሞ እንጀራ ይሆናል?» ይሉኛል። ትምህርት ቤታችን ደህና ላቦራቶሪ የለውም፤ ቴሌስኮፕም በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከዚህ ተነስቼ እዚያ መድረስ እችላለሁ?
ተማሪዋ፣ ከሐይቅ ከተማ፣ ወሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ከቴሌስኮፑ ልጀምር፤ ለዚህ ሥራ የግድ አያስፈልግሽም። የስበት ሞገድ ብርሃን አይደለም። ከባድ አካላት ተሽከርክረው ሲጋጩ ሕዋው ራሱ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ያ መለጠጥ በብርሃን ፍጥነት እየተጓዘ እኛ ጋ ይደርሳል። አንስታይን በስሌት የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1916 ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ሆነው ወሎን ሲገዙ፣ ከሰገሌ ጦርነት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ። በመሣሪያ እስኪያዝ ግን መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

የተያዘው ሰኞ፣ መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6፡50 ገደማ ነው። ያን ዕለት ሞገዱ በደሴ ሰኞ ገበያም፣ በአንቺም፣ በእኔም ውስጥ አልፏል። የተሰማቸው ግን አሜሪካ ውስጥ ሃንፎርድና ሊቪንግስተን የተተከሉት፣ ላይጎ የሚባሉት የስበት ሞገድ መያዣ መሣሪያዎች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ክንድ 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሞገዱ ያን ርዝመት የለወጠው የአንድ ፕሮቶንን ስፋት መቶኛ እንኳ በማይሞላ መጠን ነው። ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፀሐይን 36 እና 29 እጥፍ መጠነ ቁስ ያላቸው ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተዋሕደው 62 እጥፍ የሆነ አንድ ጉድጓድ ሆኑ። የጎደለው የፀሐይ 3 እጥፍ የስበት ሞገድ ሆኖ ወጣ። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ሦስት ፀሐይ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ!

የተመራማሪዎቹ የዕለት ተዕለት ሥራ ግን ከረብሻ ጋር መታገል ነው። የጭነት መኪና፣ ነፋስ፣ ሩቅ ያለ የባሕር ማዕበል ሁሉ መሣሪያውን ይነካዋል። ሃንፎርድ ላይ የተጠሙ ቁራዎች ቧንቧ ላይ የጋገረውን በረዶ ሲቆረቁሩ ያ ራሱ በመረጃው ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል። በሰኞ ገበያ ግርግር እናትሽ ስትጠራሽ የምትለያት ድምፅዋን አስቀድመሽ ስለምታውቂ ነው፤ እነሱም የግጭቱ ሞገድ ምን መምሰል እንዳለበት ከአንስታይን ቀመር አስቀድመው አስልተው ከተቀዳው ጋር ያመሳስሉታል። የፊዚክስ ሊቁ ራይነር ዋይስ የመሣሪያውን ሐሳብ ያፈለቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተማሪዎቹን ሲያስተምር ነው። ሞገዱ ሲያዝ 82 ዓመቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኪፕ ቶርንና ከባሪ ባሪሽ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ትዕግሥት ያስፈልግሻል የምልሽ ለዚህ ነው።

ደስ የሚለኝ ነገር፣ ያ መረጃ ለማንም በነፃ ክፍት መሆኑ ነው። የዚያን ዕለት 32 ሰከንድ የያዘው ፋይል አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የሐይቅ ኔትወርክ ቢደክምም ይወርዳል። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ፤ እሱም ነፃ ነው። ፋይሉን እንዳለ በግራፍ ብትስይው ረብሻ ብቻ ነው የሚታይሽ። ከ35 ኸርዝ በታችና ከ350 በላይ ያለውን፣ የመሣሪያውን የራሱን ቋሚ ድምፆችም ስታጣሪ ግን፣ በ0.2 ሰከንድ ውስጥ እየፈጠነ የሚወጣው ሞገድ ብቅ ይላል። ላቦራቶሪ ይህ ነው፤ እጅሽ ላይ አለ።

አባትሽ ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በእውነት ልትመልሺላቸው ይገባል። እስከ ዶክትሬት ድረስ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ አገር ውስጥ ፊዚክስ የተማረ አብዛኛው ሰው መምህር ነው የሚሆነው። እኔም መምህር ነኝ፤ በሙያዬም እኮራለሁ። ምልክትን ከረብሻ መለየት የተማረ ሰው ግን ሌላም በር አለው፦ ቴሌኮም፣ የሕክምና ምስል፣ ደግሞም የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት። ወሎ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ያለ አገር ነውና ይህን ሙያ ይፈልገዋል። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ያለውን ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል (ICTP) ተመልከቺ፤ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋመው እንደኛ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ብሎ ነው።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥሽ። ሊቪንግስተን ሞገዱን ከሃንፎርድ በ7 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ሰምቷል፤ በመካከላቸው 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ብርሃን ያን ርቀት በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚያቋርጥ አስይና፣ ልዩነቱ ሞገዱ ስለ መጣበት አቅጣጫ ምን እንደሚነግረን ጻፊልኝ።