የቼዝ ጥያቄዎቻችሁ፦ ሬቲንግ ብቻውን ቡድን አይሆንም

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ታዳጊዎችና ስለ ዓለም አቀፍ የቡድን ውድድር ናቸው። አራቱን መርጫለሁ፤ ረዘም ያሉትን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አምስት ልጆች ይዤ ከ16 ዓመት በታች የቡድን ውድድር ልሄድ ነው። የሦስቱ ሬቲንግ (የጥንካሬ ነጥብ) ተቀራራቢ ነው። አንዳንድ አሠልጣኞች «ደካማውን ቦርድ 1 (ከአራቱ ሰሌዳዎች አንደኛው) ላይ ሠዋው፣ ጠንካሮቹን ወደ ታች አውርዳቸው፣ ነጥቡን ከታች ትለቅማለህ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ይሄን ብልጠት አልወደውም። ወረቀት ላይ ያምራል፣ ግን ልጁም ሒሳብ ያውቃል። ለመሸነፍ እንደተላከ ገና በመጀመሪያው ዙር ይገባዋል። በየቀኑ ከተጋጣሚ ቡድን አንደኛ ተጫዋች ጋር እየተቀመጠ የሚቀጠቀጥ የ14 ዓመት ልጅ ውድድሩ ሳያልቅ ተስፋ ይቆርጣል፣ ከዚያ በኋላም ወደ ቼዝ ላይመለስ ይችላል። ለአንድ ዋንጫ ብሎ ልጅ ማቃጠል አያዋጣም።

በጥንካሬ ቅደም ተከተል ያሰልፏቸው። ሦስቱ ከተቀራረቡ ግን ሬቲንጉን ይተዉትና ሽንፈትን እንዴት እንደሚይዙት ይዩ። ተሸንፎም ራቱን በልቶ የሚተኛው ልጅ ቦርድ 1 ላይ ይቀመጥ። እዚያ ሽንፈት አይቀርለትምና። ቦርድ 4 ላይ ደግሞ ቸኩሎ አቻ የማይወስድ፣ ትንሽ ብልጫ ይዞ ለሰዓታት መጎተት የማይሰለቸው ልጅ ደስ ይለኛል።

ብዙ አሠልጣኝ የሚረሳው ሌላ ነገር ቀለም ነው። በቼዝ ኦሊምፒያድ (የአገራት የቡድን ውድድር) አሠላለፍ ቦርድ 1 ነጭ ከያዘ ቦርድ 3ም ነጭ ነው፤ 2 እና 4 ጥቁር ይይዛሉ። ቅደም ተከተሉ አንዴ ከተመዘገበ አይቀየርም። አንዱን ስታሳርፉ ከሥሩ ያሉት አንድ አንድ ከፍ ይላሉ፣ ተጠባባቂው ቦርድ 4 ላይ ይገባል። እንግዲህ ሦስተኛ ልጅዎ ትናንት ጥቁር ይዞ ነበር እንበል። ዛሬ ቡድኑ ቦርድ 1 ላይ ነጭ ነው፣ ስለዚህ እሱም ነጭ ይደርሰው ነበር። ግን ሁለተኛውን ልጅ አሳረፉት። ሦስተኛው ወደ ቦርድ 2 ወጣና በድጋሚ ጥቁር ያዘ። እሱ ማታውን በነጭ ሲዘጋጅ ነው ያደረው! አሠላለፉን ከማስረከብዎ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ምን ቀለም እንደሚደርሰው በጣትዎ ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብሊትዝ (በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ፈጣን ቼዝ) ትጫወታለች፣ ሬቲንጓም እየጨመረ ነው። ለቡድን ምርጫ ረጅም ጨዋታ ስትጫወት ግን በ20 ደቂቃ ውስጥ ተሸንፋ ትነሳለች። ተጋጣሚዋ ገና ሰዓቱን አልነካውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ብሊትዝ ጠላት አይደለም፤ ዓይን ያፈጥናል። ነገር ግን የቡድን ውድድር የሚካሄደው በሌላ ፍጥነት ነው። በቼዝ ኦሊምፒያድ አንድ ተጫዋች ለመጀመሪያዎቹ 40 እንቅስቃሴዎች 90 ደቂቃ፣ ከዚያ ተጨማሪ 30 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ለያንዳንዷ እንቅስቃሴም 30 ሰከንድ ይጨመርለታል። ጨዋታው 60 እንቅስቃሴ ከደረሰና ሁለቱም ሰዓታቸውን ከተጠቀሙበት አምስት ሰዓት ማለት ነው። አምስት ሰዓት መቀመጥን ማንም ልጅ በብሊትዝ አይለምደውም።

ከመጻፊያ ወረቀቷ ይጀምሩ። ደንቡ ሰዓቱ ላይ የቀረውን ጊዜ ከእንቅስቃሴው አጠገብ መጻፍ ይፈቅዳል። በየአምስት እንቅስቃሴው ትጻፈው። ቤት ስትመለሱ ማን አሸነፈ ብለው አይጠይቋት። ሰዓቱን አብራችሁ እዩት። ጨዋታው የተበላሸበት እንቅስቃሴ ላይ ስንት ጊዜ አሰበች? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አሥር ሰከንድ አይሞላም። እርስዎ ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም፣ ቁጥሩ ራሱ ይነግራታል።

ከዚያ ኢንጂኑን፣ ማለትም እንደ ስቶክፊሽ ያለውን የቼዝ መተንተኛ ፕሮግራም፣ ዝጉት። ስቶክፊሽ በሰከንድ ውስጥ ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ይነግራታል፣ እሷም «እሺ» ብላ ታልፋለች፣ በማግስቱ ያንኑ ስህተት ትደግማለች። መጀመሪያ ራሷ ትተንትነው። እዚህ ጋ ምን አስቤ ነበር፣ ተጋጣሚዬ ምን ሊያደርግ ፈልጎ ነበር፣ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ ብላ በራሷ ቃል ትጻፍ። ኢንጂኑን ከዚያ በኋላ ትክፈተው። በሳምንት አንድ ረጅም ጨዋታ እንዲህ ከተተነተነ ከመቶ ብሊትዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

መክፈቻ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። በዚህ ዕድሜ ለነጭ አንድ፣ ለጥቁር ሁለት በደንብ የገቧት መክፈቻዎች ይበቃሉ። የተረፈው ጊዜ ለጨዋታው ማብቂያ ይሁን፤ የቡድን ግጥሚያ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው አምስተኛው ሰዓት ላይ ሁሉም ሲደክመው ነውና። ለምሳሌ የፊሊዶርን አቻ ተኝታም ልታውቀው ይገባል። ተጋጣሚዋ ሩክና አንድ ወታደር አለው፣ እሷ ሩክ ብቻ። ንጉሧ ከወታደሩ ፊት ቆሟል። ሩኳን ከራሷ በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው መስመር ላይ ታቆመዋለች፣ የተጋጣሚ ንጉሥ ወደፊት መግባት አይችልም። ወታደሩ ራሱ ያንን መስመር ሲረግጥ ግን ሩኳን ወዲያው ወደ ሌላኛው የሰሌዳ ጫፍ ልካ ከጀርባ ቼክ ትጀምራለች። አሁን ንጉሡ ወታደሩን መሸሸጊያ ማድረግ አይችልም። አቻ! ይቺን የማያውቅ ልጅ የአምስት ሰዓት ልፋቱን በሁለት እንቅስቃሴ ያስረክባል።

ጥያቄ፦ 15 ዓመቴ ነው። ቡድናችን 2 ለ1 እየመራ የቀረው የኔ ጨዋታ ብቻ ነበር። ተጋጣሚዬ አቻ ጠየቀኝ፣ ትንሽ የተሻልኩ ስለመሰለኝ እምቢ አልኩ። ተሸነፍኩ። ጓደኞቼ አኮረፉኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ብቻህን አይደለህም። ካንተ በጣም የሚበልጡም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል።

በ2022 ቼናይ በተካሄደው ኦሊምፒያድ የሕንድ ሁለተኛ ቡድን በታዳጊዎች የተሞላ ነበር። ቦርድ 1 ላይ የ16 ዓመቱ ጉኬሽ ተቀምጦ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። አሥረኛው ዙር ላይ ከኡዝቤኪስታን ጋር ተገናኙ፤ ከፊቱ የ17 ዓመቱ ኖዲርቤክ አብዱሳቶሮቭ። ጉኬሽ የተሻለ ፖዚሽን ይዞ ለማሸነፍ ሲታገል ሰዓት አጠረው፣ ተሳሳተ፣ ተሸነፈ። ግጥሚያው 2 ለ2 አለቀ። በአቻ ቢወጣ ኖሮ ሕንዶቹ 2.5 ለ1.5 ያሸንፉ ነበር። በመጨረሻ ኡዝቤኪስታን ወርቁን ወሰደች፣ እነሱ ነሐስ አገኙ። ያው ጉኬሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ቡዳፔስት ላይ በቦርድ 1 ከ10 ጨዋታ 9 ነጥብ ሰብስቦ ሕንድ ወርቅ ወሰደች። ስለዚህ አንገትህን አትድፋ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በቡድን ውድድር ግጥሚያ ያሸነፈ ቡድን 2 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 1፣ የተሸነፈ 0 ያገኛል። 2 ለ1 እየመራችሁ ካንተ የሚፈለገው ግማሽ ነጥብ ብቻ ነበር። ብታሸንፍ 3 ለ1፣ አቻ ብትወጣ 2.5 ለ1.5፣ ሁለቱም ያው 2 ነጥብ ነው። ያንተ ሙሉ ነጥብ የሚጠቅመው ምናልባት ቡድኖች እኩል ሲሆኑ መለያ ላይ ነው። የተሻልክ ሆነህ ምንም አደጋ ከሌለብህ መቀጠል ትችላለህ፣ ነውር የለውም። «ትንሽ የተሻልኩ መሰለኝ» ግን እንዲህ ባለ ሰዓት አይበቃም።

ጥፋቱ ግን ያንተ ብቻ አይደለም። ካፒቴናችሁ የት ነበር? በኦሊምፒያድ ደንብ ካፒቴን ለተጫዋቹ አቻ ጠይቅ ወይም ተቀበል ብሎ መምከር ይችላል፤ ስለ ፖዚሽኑ ግን ትንፍሽ ማለት የለበትም። አቻው ሲቀርብልህ ሄደህ ብትጠይቀው መልስ ታገኝ ነበር። ይሄ ደግሞ የሚለመደው ልምምድ ላይ ነው። አንድ ፖዚሽን ሰሌዳ ላይ ደርድሩና ለአንዱ «የግድ ማሸነፍ አለብህ» በሉት፣ ለሌላው «ግማሽ ነጥብ ይበቃሃል»። ከዚያ ሚናችሁን ተቀያየሩ። ያው ፖዚሽን ፈጽሞ ሌላ ጨዋታ እንደሚሆን ታያላችሁ።

ስለ ኩርፊያው፦ ካፒቴኑ ሰብስቦ ያነጋግራችሁ። በሚቀጥለው ግጥሚያ አንደኛችሁ መሳታችሁ አይቀርም፣ ያኔ ማን ማንን ሊያኮርፍ ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ አምስተኛ ሆኖ ተመርጧል፣ ተጠባባቂ ማለት ነው። ወንበር ለማሞቅ ከሚሄድ ቢቀር ይሻላል ብዬ እያሰብኩ ነው።

መልስ፦ ይሂድ እንጂ! በረጅም ውድድር አራት ልጆች ሁሉንም ዙር መጫወት አይችሉም፤ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ይደክማል፣ አንዱ ተደጋጋሚ ሽንፈት ያንገሸግሸዋል። ያኔ የሚገባው የርስዎ ልጅ ነው፤ የሚገጥመውም የተጋጣሚ ቡድን ቦርድ 4 ስለሆነ ነጥብ የማምጣት ዕድሉ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ከጉዞው በፊት አሠልጣኙን ይጠይቁ። በግምት በየትኞቹ ዙሮች እንደሚያሰልፈው ለልጁ በግልጽ ይንገረው። «እናያለን» የተባለ ልጅ አይዘጋጅም። ሲጠይቁት «እናያለን» ካለዎት ደግመው ይጠይቁት።