«ሃይማኖት የግል ነው» ሲባል ሕጉ ምን ይላል? ጥያቄና መልስ

(መላሹ የቤተሰብና የውርስ ጉዳይ ጠበቃ ነው።)

የፒያሳው፦ «ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚል ሕግ አለን?

ጠበቃ፦ የለም። አባባሉ በሚጠቀስበት በጃንሆይ ዘመን እንኳ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር። የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያያል። አንቀጽ 27 ደግሞ እምነትን በግልም በይፋም መግለጽን ይፈቅዳል። ሃይማኖት የሌለው መሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም።

ሰሚራ፦ አባታችን ዐርፈው ወንድሞቼ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ መዝገብ ከፈቱ። መጥሪያ ደርሶኛል። እዚያ መዳኘት አልፈልግም፣ ዝም ብል ይሻላል?

ጠበቃ፦ ዝም ማለትማ መስማማት ነው! በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ወቅፍ (ለሃይማኖት ወይም ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ንብረት)፣ ስጦታና ውርስ ያያሉ። ሥልጣናቸው ግን የሚቆመው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34(5) ይህንኑ ይላል። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶሽ ከቀረሽ እንደ ፈቀድሽ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለሽበት ይታያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ቅረቢ። ስለ ውርሱ አንድም ቃል ሳትመልሺ፣ እዚህ ለመዳኘት እንደማትፈቅጂ የሚገልጽ መቃወሚያ በጽሑፍ አስገቢ። ከመዝገቡ ጋር መያያዙን አይተሽ ቀን ያለበት ቅጂ ያዢ። ፈቃድሽ ግልጽ ካልሆነ መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መተላለፍ አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው ስለ ድርሻው ሲከራከር ቆይቶ ሊሸነፍ ሲል «አልፈቀድኩም» በማለቱ ነው። ያኔ ረፍዷል። ልዩነቱም ትንሽ አይደለም፦ በሸሪዓ የሴት ልጅ ድርሻ የወንድሟ ግማሽ ነው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ እኩል ነው። ሸሪዓውን ብትመርጪም መብትሽ ነው፤ ብቻ ሌላ ሰው አይምረጥልሽ። መዝገቡ በክልል ከሆነ የክልሉን አዋጅ እዪ።

ባለጉዳይ፦ የወረዳ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ሥዕል ቢያኖር ይከለከላል?

ጠበቃ፦ አንገቱ ላይ ያለው ማተብ የራሱ ነው። ባለጉዳይ የሚቆምበት ግድግዳ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሥዕሉ በመሳቢያው ውስጥ ይቀመጥ።

ሀብቴ፦ የዓርብ ጁምዓ ሰዓት የግል ድርጅትንም ያስገድዳል?

ጠበቃ፦ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያለው ዕረፍት የመንግሥት ሠራተኞች ነው። የግል ድርጅት ከሆነ ተነጋግራችሁ ሰዓቱን በሌላ ቀን አካክሱ። በጽሑፍ።

ትዕግሥት፦ በቤተ ክርስቲያን ለተጋባን ክብር መዝገብ ግዴታ ነው?

ጠበቃ፦ ጋብቻችሁ ይጸናል። ማስመዝገብ ግን ግዴታ ነው፣ በየትኛውም ሥርዓት ይፈጸም። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

የጎረቤት ልጅ፦ የድምፅ ማጉያውስ? ሌሊቱን ሙሉ አልተኛንም።

የፒያሳው፦ የትኛው? አዛኑ ነው ቅዳሴው?

ሀብቴ፦ የመዝሙር ቤቱን ለምን ረሳኸው? የሚረብሸው እሱ ነው።

የፒያሳው፦ ደወል የጥንት ነው፣ ከማጉያ ጋር አይወዳደርም!

ሰሚራ፦ አዛንም የጥንት ነው ወንድሜ።

ጠበቃ፦ የሃይማኖት ክርክራችሁን ሌላ ቦታ። ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ሃይማኖት የለውም። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ልክ ቀን 55፣ ከማታ 3 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት 45 ነው። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በምታስገባው አቤቱታ ላይ ሰዓቱን ጥቀስ፤ ልኬቱም በዚያው ሰዓት፣ አንተ በምትተኛበት በኩል ይሁን። ቀን መጥተው ከለኩ በ55ቱ መዝነው «ልክ ነው» ብለውህ ይሄዳሉ። የስልክ መለኪያ ማስረጃ አይሆንም። የመጣውን ሠራተኛ ውጤቱን በጽሑፍ ጠይቀው።

የፒያሳው፦ እና በመጨረሻ ሃይማኖት የግል ነው ወይስ አይደለም?

ጠበቃ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ያንተው ነበር፤ መልሱን አንብበው።

አዲስ ገቢ፦ እኔም ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ደርሶኛል፣ ምን ላድርግ?

ጠበቃ፦ ለሰሚራ የጻፍኩትን አንብብ። ቀጠሮህ መቼ ነው?

አዲስ ገቢ፦ ትናንት ነበር።

ጠበቃ፦ እንግዲያው እዚህ አትጻፍ። ዛሬውኑ ሬጅስትራር ሄደህ መዝገቡ ላይ ምን እንደታዘዘ ጠይቅ፣ ትእዛዙንም ገልብጠህ ያዝ።