ለቤት ጋራዥ የሚሆን የብየዳ ማሽን

ሰላም ወንድሜ፣ ግቢህ ባለው ጋራዥ መደርደሪያና የመስኮት ብረት ለመሥራት ሚግ (ሽቦ በራሱ እየመገበ በጋዝ የሚበይደው ማሽን) ይሻላል ወይስ ተራው የኤሌክትሮድ ማሽን ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ከኤሌክትሮዱ ጀምር ነው የምልህ፤ ኢንቨርተር የሆነውን፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራውን ቀላል ማሽን። ሚግ ጥሩ ነው፣ ግን ብየዳውን ከአየር የሚከላከለውን ጋዝ ማስሞላት አለ። በር ከፍተህ ስትሠራ ደግሞ ነፋሱ ጋዙን ይበትንብሃል።

የድሮው ባለ ትራንስፎርመር የኤሌክትሮድ ማሽን ጠንካራ ነው፤ ግን ከባድ ነው፣ የቤት መስመርንም ያስጨንቃል። ኢንቨርተሩን በአንድ እጅ ታነሳዋለህ።

ስትገዛ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመን። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብብ። 160 አምፔር በ60% ካለ፣ በዚያ ጉልበት ከ10 ደቂቃ 6ቱን ብቻ ይበይዳል፤ ቀሪውን ማረፍ አለበት። ለአንተ ሥራ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ይበቃል። እሱ የሚፈልገው ከ60 እስከ 90 አምፔር ነው። እኔ መጀመሪያ ቀጭን ቱቦላሬ ላይ 110 አድርጌ ጀመርኩ፤ ብረቱ ወዲያው ተበሳ። ወደ 65 ሳወርደው የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ቆንጆ መስመር ወጣልኝ።

የማራዘሚያውን ነገር አደራ። ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ብየዳውም ይቆራረጣል። ለማሽኑ ብቻ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስዘርጋ።

ከማሽኑ ዋጋ ቀንሰህም ቢሆን ጥሩ የብየዳ ማስክ ግዛ። ዓይን በብየዳ ብርሃን ከተመታ ሌሊቱን ሙሉ አሸዋ የገባበት ያህል ያሠቃያል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ከሆነ ደግሞ ውጭ አውጥተህ በይደው፤ የዚንኩ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል።