ደብተሩ ባዶ ሲሆን

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ የሺፍት ኃላፊ ነኝ፣ አደጋ መዝግቢ ተብዬ ደብተር ተሰጥቶኛል። ግን ማኔጅመንቱ ሶስት ወር አደጋ ያላስመዘገበ ሺፍት ቦነስ ያገኛል ስላለ አንድም የሚነግረኝ የለም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ጓንቱን ሲያወልቅ ድንገት አየሁት፣ ጣቱ በካርቶን ማሸጊያ ስኮች ተጠቅልሏል፣ ምንድነው ስለው "ቦነሱ እንዳይቀርብን ብዬ ነው" አለኝ። ምን ላድርግ? ደሞስ ምን ምኑ ነው የሚጻፈው፣ የወገብ ህመም ሁሉ ይጻፋል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን። ዛሬ ነገ ሳትዪ ክሊኒክ ላኪው፣ ቁስሉ በደንብ ታጥቦ ይታይለት፣ የቴታነስ ክትባት መውሰዱም ይጠየቅ፣ ስኮች ስር ታፍኖ የሰነበተ ቁስል ቀልድ አይደለም። ከዛ ደብተሩ ላይ ጻፊው፣ የተጎዳበትን ቀንና አንቺ ያወቅሽበትን ቀን ለየብቻ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ የምደነግጠው ባዶ ደብተር ሳይ ነው። ስለት ባለበት፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያነሳ በሚውልበት ቦታ ሶስት ወር ሙሉ አንድ ጭረት እንኳን ካልተጻፈ ሰዉ ዝም ብሏል ማለት ነው፣ ዝም ያሰኘው ደግሞ ቦነሱ ነው፣ አንዱ ቢናገር እኮ የጓደኞቹን ሁሉ ገንዘብ ያስቀረ እሱ ሊሆን ነው፣ ያንን ማን ይችለዋል? ስለዚህ ማኔጅመንቱን አናግሪ፣ ቦነሱ ለተጠቆመና ለተስተካከለ አደገኛ ነገር ይሁን በያቸው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2002 ባወጣው ፕሮቶኮል ላይም ቢሆን ጉዳቱን ስላሳወቀ ሰራተኛ ላይ በቀልም ቅጣትም እንዳይደርስ ተጽፏል።

አጻጻፉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ነው። "በጥንቃቄ ጉድለት ጣቱን ቆረጠው" የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያድንም። ይልቅ "ከቀኑ 10 ሰዓት፣ 4 ቁጥር መቁረጫ ላይ፣ መከለያው ተነስቶ ሳለ፣ የተቀረቀረ ካርቶን በእጁ ሲያወጣ" ብለሽ ጻፊ። እኔ ድሮ የሰራሁበት ቦታ ሶስት የተለያዩ ሰዎች በሶስት ወር ውስጥ አንድ አይነት ጣት ተጎድተው በየፊናቸው "ጥንቃቄ ጉድለት" ተብሎ ተዘጋ፣ በኋላ አንዷ ባልደረባችን የማሽኑን ቁጥር እየጠየቀች ጎን ለጎን ስትጽፈው ሶስቱም አንድ ማሽን ሆኖ ተገኘ፣ ካርቶን እየቀረቀረ ስለሚያስቸግር መከለያውን አንስተውት ነበር የሚሰሩት። መቀርቀሩ ሲጠገን መከለያውን የሚያነሳም ጠፋ። ለጥቂት የተረፉትንም ጻፊ፣ የወደቀው ብረት ዛሬ ሰው ባይነካም ነገ ስሩ የሚያልፍ ሰው ይኖራል።

የወገብ ህመም ይጻፋል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይጻፋል! የዓለም የሥራ ድርጅት ግምት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታል፣ ከዚህ ውስጥ አደጋ የሚገድለው ወደ 330 ሺህ ሲሆን 2.6 ሚሊዮኑ በበሽታ ነው የሚያልቀው። ደም የታየበትን ብቻ ከጻፍሽ ትልቁን ነገር ዘለልሽው ማለት ነው። በሽታው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ጆሮ በጩኸት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይደክማል፣ አስቤስቶስ የሚባለው የግንባታ ማዕድን ብናኝ የሚያመጣው ካንሰር ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላም ብቅ ይላል። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ ገና በ1700 ሐኪሞች በሽተኛውን "ሥራህ ምንድነው?" ብለው እንዲጠይቁ ያሳሰበው ለዚህ ነው። አንድ መስመር ላይ የሚሰሩ ሁለት ሴቶች "ሌሊት እጄ ይደነዝዛል" ካሉሽ ቀኑን፣ ሥራቸውን፣ በሰዓት ስንት ካርቶን እንደሚያጥፉ ጻፊና ሐኪም ጋ ላኪያቸው። የበሽታውን ስም ግን ሰው የሚያየው ሰሌዳ ላይ እንዳትለጥፊ፣ ሚስጥራቸው ነው።

ጥያቄ (ከሌላ ጠያቂ)፦ የኛ ሺፍት 6 ጉዳት አለው፣ የሌሊቶቹ 4። እኛ ነን የባስነው?

መልስ፦ የሰራችሁትን ሰዓት ሳላውቅ አልመልስም። የጉዳቱን ቁጥር በ200,000 አባዛና በጠቅላላ የሥራ ሰዓት አካፍለው፣ 200,000 ማለት 100 ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ለ50 ሳምንት ሲሰራ ነው። እናንተ 120,000 ሰዓት ሰርታችሁ ከሆነ 10 ይመጣል (ለ100 ሰው በዓመት 10 ጉዳት እንደማለት ነው)፣ የሌሊቶቹ 50,000 ሰዓት ከሆነ 16፣ ስለዚህ ሌሊት ላይ መብራቱን፣ ድካሙን፣ የሰው ቁጥሩን ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ሰው ትንሽ የሆነበት ቦታ ግን በአንድ ጉዳት ብቻ ቁጥሩ ይዘላል፣ እዛ የእያንዳንዱን ሰው ታሪክ ማንበብ ይሻላል።