ከባሕር ዳር ጎንደር በአውሮፕላን፦ ጥያቄና መልስ

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ትኬት በመሸጥ ሥራም ዓመታት ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ስለ ርቀትና ስለ በረራ ሰዓት ለጠየቃችሁኝ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

መልስ፦ ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታ መስመር ቢሰመር 102 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጎንደሩ ማረፊያ ከከተማው በስተደቡብ፣ አዘዞ ስለሆነ ለእኛ ይቀርበናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በመኪና ለምን 180 ገደማ ይሆናል?

መልስ፦ ጣና ነዋ! ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በላዩ ያልፋል። መኪና ግን በምሥራቁ ዳር ይዞራል፤ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ማክሰኝት እያለ ነው አዘዞ የሚደርሰው።

ጥያቄ፦ አንዱ ድረ ገጽ 12 ደቂቃ ይላል፣ ሌላው 40። የቱን ልመን?

መልስ፦ የመጀመሪያው 102 ኪሎ ሜትርን በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ፍጥነት አካፍሎ ነው 12 ደቂቃ ያገኘው። አውሮፕላን ግን ከመሬት ሲነሳ 500 ላይ አይጀምርም። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከማረፊያው መንገድ ጋር ለመስተካከል ይዞራል። አጭር በረራ ላይ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ያለውን ይቆጥራል። ስለዚህ ወደ ግማሽ ሰዓት ብለህ ያዝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እናቴን ከጎንደር ላመጣት ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ በመኪና ትቸገራለች። በግማሽ ሰዓት ትደርሳለች ማለት ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ቀጥታ ነው ወይስ በአዲስ አበባ በኩል ብለሽ ጠይቂ። የአገር ውስጥ በረራ አብዛኛው መነሻና መድረሻው ቦሌ ነው። ከጎንደር ቦሌ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቦሌ ባሕር ዳር ደግሞ 335 ገደማ። 102 ኪሎ ሜትሩን ለማለፍ ከ750 በላይ ትበራለች ማለት ነው! ቦሌ ላይ የምትጠብቀው ሲጨመር ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል። ለታመመ ጉልበት ይህ ቀላል አይደለም። ቀጥታ ካላገኘሽ፣ እኔ ብሆን የመንገዱን ሰላም አጣርቼ፣ ምቹ መኪና ኮንትራት ይዤ፣ ወረታ ላይ አሳርፌ አመጣት ነበር። በአውሮፕላን ከሆነ ግን ትኬቱን ስትቆርጪ ዊልቸር እንደሚያስፈልጋት ተናገሪ። ማረፊያው ከደረሱ በኋላ መጠየቅ ያጉላላል።

ጥያቄ፦ ትኬቴ 07:00 ይላል። ከሰዓት ነው?

መልስ፦ ኧረ ተጠንቀቅ! በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 6 ሰዓት ቀንስ። 13:00 ካለ ቀን 7 ሰዓት ነው። አክስቴ 07:00ን ቀን 7 ሰዓት ብላ ምሳዋን በልታ ስትደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖት ነበር። ለቅሶ ልትደርስ ነበር የምትሄደው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ቀኑም የፈረንጅ ስለሆነ ወደ እኛ መልሰህ አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ላሊበላስ በአየር ስንት ነው?

መልስ፦ በቀጥታ መስመር 185 ኪሎ ሜትር ገደማ። እሱንም ቀጥታ መሆኑን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቀጥታ በረራ ባገኝ ጣናን ለማየት በየት በኩል ልቀመጥ?

መልስ፦ ወደ ጎንደር ስትሄጂ በግራ፣ መስኮት አጠገብ። ቀጥታውን መስመር ከያዘ ደቅ ደሴት በግራሽ ናት፤ ቀጥሎ ጎርጎራ። በቀኝ ከደረሰሽም አትዘኚ። የፎገራን ሜዳ ታያለሽ፤ የጉማራና የርብ ወንዞች ሐይቁ ውስጥ ሲገቡ ውሃው ቡናማ ሆኖ ይለያል። በክረምት ደመናው ይጋርዳል፣ ከመስከረም በኋላ ግን በደንብ ይታያል። ከባሕር ዳር እንደተነሳሽ ነው ሐይቁ ላይ የምትሆኚው፣ ስልክሽን ቀድመሽ አዘጋጂ።