የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለጓሮ ጨዋታ የሚሆን የውኃ ጠመንጃ እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የ10 እና የ6 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአክስታቸው ልጆችም ስለሚመጡ ጓሯችን በውኃ ጨዋታ ይደምቃል። ባለፈው ሰመር በማሸጊያው ላይ «40 ጫማ ይረጫል» የሚል የተጻፈበት ትልቅ የውኃ ጠመንጃ ገዛሁላቸው። ትልቁ ሲይዘው ትንሹ እያለቀሰ ወደ ቤት ይገባል፤ ለትንሹ ስሰጠው ደግሞ ከነውኃው ማንሳት ያቅተዋል። ከጥቂት ዶላር ጀምሮ ከ100 ዶላር በላይ እስከሚያወጣው ድረስ ሁሉም «ምርጥ ነው» ይላል። በምን ልለየው?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ልጆችዎን ያጣላቸው የጠመንጃው ጥራት ሳይሆን የአንዱ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎ አንድ ትልቅ በሚገዙበት ገንዘብ እኩል የሆኑ መካከለኛ መጫወቻዎችን ለእያንዳንዳቸው እንዲገዙ ነው። የውኃ ጨዋታ የሚጥመው የሚረጨውና የሚረጠበው ሲፈራረቁ ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ ረጪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተረጪ ከሆነ ለትንሹ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ርቀት ለእርስዎ ጓሮ ብዙም አይጠቅምም። ከፍተኛው ርቀት የሚገኘው አፈሙዙ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ፣ ግፊቱም ሙሉ በሆነበት ቅጽበት፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስከወደቀችበት ቦታ ድረስ ሲለካ ነው። በ2 ባር ግፊት (የመኪና ጎማ ግፊት ያህል ነው) የሚወጣ ውኃ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ አየር ባያግደው ኖሮ እስከ 40 ሜትር በሄደ ነበር። ነገር ግን አየሩ ይበታትነዋል፤ ይልቁንም ቀጭን ሆኖ የሚወጣ ውኃ ቶሎ ወደ ጠብታነት ስለሚለወጥ 10 ሜትር አካባቢ በደንብ የሚደርስ የእጅ መጫወቻ ካገኙ መልካም ነው። ያም ቢሆን ልጆች ጓሮ ውስጥ ሲባረሩ የሚራራቁት ጥቂት ሜትር ብቻ ነውና ከርቀቱ ይልቅ በዚያች ቅርበት ሰውን የሚያርስ ውኃ ማውጣቱን ይመልከቱ።

ቀጥሎ የሚያስፈልግዎ አሠራሩን መለየት ነው። ቀላሉ ዓይነት እንደ ስሪንጅ የሚሠራው ነው፤ እጀታውን ወደ ኋላ ሲስቡት ውኃ ይገባል፣ ሲገፉት ይወጣል። ብዙ የሚበላሽ ነገር የለውም፤ ባልዲ አጠገብ ለሚቆም ሕፃንም ይስማማል፤ ሆኖም ሁለት እጅ ስለሚፈልግ እየሮጡ ማነጣጠር ያስቸግራል።

ሁለተኛው፣ በእኔ አስተያየት እስካሁን ለልጆች የሚበልጠው፣ በታመቀ አየር የሚሠራው ነው። የዚህ መጫወቻ ፈጣሪ ሎኒ ጆንሰን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ናቸው፤ በናሳ ወደ ጁፒተር በተላከችው የጋሊልዮ መንኮራኩር ሥራ የተሳተፉ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 በቤታቸው መታጠቢያ ክፍል ፍሪዮን በተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ፈንታ በውኃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሲሞክሩ ከገጠሙት አፈሙዝ የወጣው ውኃ ክፍሉን አቋርጦ ሲወረወር ተመለከቱ። ከዚያም ከፕላስቲክ ቧንቧና ከባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ናሙና ሠሩ። ላራሚ የተባለው የፊላደልፊያ ኩባንያ በ1990 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን በቀጣዩ ዓመት ሱፐር ሶከር የሚለውን ስም ይዞ ዓለምን አዳረሰ። ብልሃቱ ልጁ ፓምፑን አስቀድሞ፣ ማንም በማያባርረው ጊዜ መግፋቱ ነው፤ ጨዋታው ሲሞቅ የሚጠበቅበት ቃታውን በአንድ ጣት መሳብ ብቻ ስለሆነ ጉልበት የሌለው ልጅም ከትልልቆቹ እኩል ይሆናል። ጉድለቱ ውኃው በወጣ መጠን የታመቀው አየር ስለሚሰፋ ግፊቱ እየደከመ መሄዱ ነው። በ1996 የወጣው ሲፒኤስ 2000 የተባለው የሱፐር ሶከር ዓይነት ውኃውን በሚለጠጥ ላስቲክ ውስጥ በማጠራቀም ይህን ድካም አስቀርቶት ነበር፤ ነገር ግን መመረቱ ከቆመ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱበትን ነገር ልንገርዎ። ዛሬ በሱፐር ሶከር ስም ከሚሸጡት ብዙዎቹ ግፊት የሚያጠራቅሙ አይደሉም፤ የፊት እጀታው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተገፋ ቁጥር ብቻ የሚረጩ ናቸው። ስለዚህ ስሙን አይተው ብቻ አይግዙ፤ የሚሠራ ቃታ እንዳለውና በፓምፕ ግፊት የሚጠራቀምበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ ያንብቡ።

ሦስተኛው ዓይነት ባለ ባትሪው ነው። ስፓይራ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ከውኃ ውስጥ ራሱ ስቦ ይሞላል፤ ቃታው በተሳበ ቁጥርም 30 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ በአንድ ጊዜ ይወረውራል። አሠራሩ የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም ምቱ ጠንካራ፣ ዋጋውም ከ100 ዶላር በላይ ስለሆነ ለታዳጊና ለአዋቂ እንጂ ለ6 ዓመት ልጅ አልመርጠውም።

ክብደቱን በተመለከተ፣ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል። መደብር ውስጥ ባዶውን ሲያነሱት ላባ የሚመስለው ባለ 1.5 ሊትር ጠመንጃ ሲሞላ ከነፕላስቲኩ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፤ ይህን ደግሞ ልጁ ክንዱን ዘርግቶ መያዝ አለበት። ለትንሹ ልጅዎ ከግማሽ ሊትር ብዙ የማይበልጥ፣ ለትልቁ እስከ 1 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ውኃው ቶሎ ቢያልቅበትስ ካሉ መልሱ የመሙያው አፍ ላይ ነው። ባልዲ ውስጥ ተነክሮ በጥቂት ሰከንድ የሚሞላ ትንሽ ጠመንጃ፣ ጠባብ አፉን ቧንቧ ሥር ደግኖ ከሚጠብቅ ትልቅ ጠመንጃ ይበልጣል፤ ልጆች አብዝተው የሚረጠቡት እየሞሉ ሳለ ነውና። ክዳኑ ከጠመንጃው ጋር የተያያዘ ይሁን፤ ተነጣይ ክዳን ሣር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

ገዝተው ወደ ቤት ሲመለሱ ደረሰኙን ሳይጥሉ በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ይሞክሩት። ልጁ ራሱ በደረቱ ከፍታ ይዞ ትንሽ ቀና አድርጎ ይርጭ፤ የሩቋን ጠብታ ትተው ሲሚንቶው በደንብ የረጠበበትን ቦታ በእርምጃ ይለኩ። ከዚያ ግማሽ ሊትር አስገብተው በስንት ሰከንድ እንደሚያስወጣው ይቁጠሩ። በመጨረሻ ሞልተው ያለ ሥራ ያስቀምጡትና ከፓምፑ ዙሪያ የሚንጠባጠብ መኖሩን ይዩ፤ ገና በአዲስነቱ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ይመልሱት።

በአሜሪካ ለልጆች የሚሸጥ መጫወቻ ኤኤስቲኤም ኤፍ963 የሚባለውን የደኅንነት መለኪያ ማሟላት፣ በራሱ ላይም አምራቹንና የተሠራበትን ጊዜ የሚለይ የማይለቅ ጽሑፍ መያዝ አለበት። ይህ የሌለውን ዋጋው ቢረክስም አይግዙት። በግፊት የሚወጣ ውኃ በቅርብ ርቀት ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል ፊት ላይ መርጨት ክልክል መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ለሁሉም የዋና መነጽር ቢያደርጉላቸው ደግሞ እሰየው ነው።

አንድ ልጅ ሳይታሰብ በእንግድነት ቢመጣም አይጨነቁ። ክዳኑ በወፍራም መርፌ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አገር ቤት ያደግን ሁላችን እንደምናውቀው፣ ተጨምቆ ጥቂት ሜትር በደንብ ይረጫል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ የውኃ ሽጉጡን «እውነተኛ እንዲመስል» ጥቁር ቀለም ልቀባው ይላል። እናቱ በጭራሽ አትፍቀድለት ትለኛለች። እኔ ደግሞ የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ልተወው አስቤ ነበር። ምን ይላሉ? (አባት፣ ከኦሃዮ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ እባክዎ አይፍቀዱ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የፌዴራል ሕግ የመጫወቻ ጠመንጃ ከእውነተኛው የሚለይበት ብርቱካናማ ጫፍ ወይም ሌላ የተፈቀደ ምልክት እንዲኖረው ያዛል። የውኃ ጠመንጃዎች በደማቅ ቀለም ወይም ውስጣቸውን በሚያሳይ ፕላስቲክ የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በእርስዎ ግዛት በክሊቭላንድ በኖቬምበር 2014 የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ በመናፈሻ ውስጥ እያለ በፖሊስ ጥይት ተመትቶ ሕይወቱ ማለፉን ያስታውሱ ይሆናል፤ ይዞት የነበረው ትናንሽ የፕላስቲክ ፍሬዎች የሚተኩስ መጫወቻ ሲሆን ብርቱካናማ ምልክቱ አልነበረበትም። ልጆቻችን ጥቁሮች ናቸው፤ ከሩቅ የሚያያቸው ሰው ዕድሜያቸውንም የያዙትንም እንደ እኛ አያውቅም። ሲገዙ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ቅርጹም ሽጉጥ የማይመስለውን ይምረጡ፤ ወደ መናፈሻ ሲሄዱም በቦርሳ ሳይሆን ሁሉም በሚያየው መንገድ፣ ከአዋቂ ጋር ይውሰዱት። ልጅዎ ማስዋብ ከወደደ ደማቅ ተለጣፊ ወረቀት ይግዙለት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት የገዛነው የውኃ ጠመንጃ ዘንድሮ ስናወጣው ግፊት አይዝም፤ ውስጡም ይሸታል። ይጣል?

መልስ፦ ወዲያው አይጣሉት። ግፊት አልይዝ የሚለው ብዙውን ጊዜ በፓምፑ ዘንግ ላይ ያለው ጎሚኒ ደርቆ ነው፤ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ቀብተው ፓምፑን ደጋግመው ቢገፉት ሊመለስ ይችላል። ተራ ዘይትና ግሪስ ግን ጎሚኒውን ሊጎዱ ስለሚችሉ አይጠቀሙ። ጎሚኒው ከተሰነጠቀ ወይም የፕላስቲኩ መገጣጠሚያ ከተላቀቀ አይልፉበት። ሽታው ተኝቶ ከከረመ ውኃ የመጣ ነው፤ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሞልተው ያቆዩት፣ ከዚያም ንጹሕ ውኃ እስኪወጣ ይርጩት። ከዚህ በኋላ ከየጨዋታው በኋላ ውኃውን ያፍሱ፣ የታመቀውን አየር በቃታው ያስወጡ፣ ክዳኑን ከፍተው በጥላ ያድርቁት። በፀሐይ ሲውል የነበረ የውኃ ጎማ ውስጥ የቀረው ውኃ ቆዳ እስኪያቃጥል ሊሞቅ ስለሚችል ከመሙላትዎ በፊት ጎማውን መሬት ላይ ለቅቀው ውኃው መቀዝቀዙን በእጅዎ ያረጋግጡ።